የሩዶልፍ ዲዝል ሕይወትና የነዳጅ ጥያቄ፦ ከከሰል ሬንጅ እስከ አሮጌ ጎማ ዘይት

መግቢያ

በብዙ የዓለም ቋንቋዎች ዲዝል የሚለው ስም ሲነሣ ቀድሞ የሚታወሰው ነዳጅ እንጂ ሰው አይደለም። በአማርኛ ግን ነዳጁን ናፍጣ ስለምንለው የሰውየው ስም በሞተሩ ላይ ብቻ ቀርቷል። ይህ የቋንቋ አጋጣሚ አንድ ቁም ነገር ይጠቁማል። ሩዶልፍ ዲዝል የፈለሰፈው ሞተር ነው። ለዚያ ሞተር የሚስማማው ነዳጅ የትኛው ነው የሚለው ጥያቄ ግን ከመጀመሪያው ሙከራ ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞቱ አልተለየውም፤ ከሞተ በኋላም ለተመራማሪዎች ተላልፏል።

ከአሮጌ ጎማ የሚገኝ ዘይትን በናፍጣ ሞተር ማቃጠል በዛሬዎቹ የምሕንድስና ጥናቶች ተደጋግሞ ከሚነሣባቸው ርእሶች አንዱ ነው። በእንዲህ ዓይነት ጥናቶች መግቢያ ላይ አንድ አባባል ይዘወተራል፤ ይኸውም ዲዝል ሞተሩን የሠራው በኦቾሎኒ ዘይት እንዲሠራ አስቦ ነው፣ ስለዚህም ሞተሩ በባሕርዩ ማናቸውንም ነዳጅ ይቀበላል የሚል ነው። አባባሉ ግማሽ እውነት ነው። ግማሹን እውነት እንደ ሙሉ መውሰድ ደግሞ በቤተ ሙከራም ሆነ በጋራዥ ዋጋ ያስከፍላል። ይህ አጭር ጽሑፍ የዲዝልን ሕይወት በነዳጅ ጥያቄ በኩል ይተርካል፤ በመጨረሻም ታሪኩ ስለ ጎማ ዘይት ምን እንደሚያስተምር ይመረምራል። በጽሑፉ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነትና ትምህርት

ሩዶልፍ ዲዝል መጋቢት 18 ቀን 1858 በፓሪስ ተወለደ። ወላጆቹ ከጀርመን የመጡ ስደተኞች ሲሆኑ፣ አባቱ ቴዎዶር ዲዝል ከአውግስቡርግ ከተማ የወጣ መጽሐፍ ጠራዥና የቆዳ ዕቃ ሠሪ ነበር። ከሦስት ልጆች ሁለተኛ የሆነው ሩዶልፍ ያደገው በእጅ ሥራ በሚተዳደር፣ ኑሮው ከወር እስከ ወር በማይደላደል ቤት ውስጥ ነው። ይህ አስተዳደግ በኋላ ዘመኑ ስለ ትናንሽ ባለሙያዎች ዕጣ ላሳየው ተቆርቋሪነት ምንጭ እንደ ሆነ የሕይወት ታሪኩን የጻፉ ሰዎች ያስረዳሉ።

በ1870 በፈረንሳይና በፕሩሲያ መካከል ጦርነት ሲነሣ በፓሪስ የሚኖሩ ጀርመናውያን አገሩን ለቀው እንዲወጡ ተገደዱ። የዲዝል ቤተሰብም ወደ ለንደን ተሰደደ። ጦርነቱ ሳያበቃ የ12 ዓመቱ ሩዶልፍ ብቻውን ወደ አውግስቡርግ ተላከና ከአክስቱና ከአክስቱ ባል ከክሪስቶፍ ባርኒክል ጋር መኖር ጀመረ። ባርኒክል በከተማዋ የሙያ ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህር ነበር። ልጁ የጀርመንኛ ትምህርቱን በፍጥነት ተያያዘው፤ በ14 ዓመቱም መሐንዲስ ለመሆን መወሰኑን ለወላጆቹ ጻፈ። በ1873 ከክፍሉ አንደኛ ሆኖ አጠናቀቀ፤ በ1875 ደግሞ በሙኒክ የባቫርያ ፖሊቴክኒክ የነፃ ትምህርት ዕድል አገኘ። ወላጆቹ ቶሎ ሥራ ይዞ እንዲረዳቸው ይመኙ ነበርና ይህን ዕድል የተቀበለው የእነርሱን ፍላጎት ተቃውሞ ነው።

በሙኒክ ካስተማሩት መካከል በሕይወቱ ላይ ከሁሉ የበለጠ አሻራ የተወው የማቀዝቀዣ ምሕንድስና አባት የሚባለው ካርል ፎን ሊንደ ነው። ሊንደ ስለ ሙቀት ጥናት በሚሰጠው ትምህርት የዘመኑ የእንፋሎት ሞተር ከነዳጁ ሙቀት ወደ ሥራ የሚለውጠው ከ10 በመቶ የማይበልጠውን ብቻ መሆኑን፣ ሳዲ ካርኖ በንድፈ ሐሳብ ያሳየው ዑደት ግን ከዚያ እጅግ የላቀ ውጤት እንደሚፈቅድ ያብራራ ነበር። ተማሪው ይህን በደብተሩ ኅዳግ ላይ መዝግቦ፣ የካርኖን ሐሳብ በተግባር ማዋል ይቻል እንደ ሆነ ለማጥናት ለራሱ ማሳሰቢያ ጻፈ። የቀረው ዕድሜው ለዚያች ማሳሰቢያ የተሰጠ መልስ ነው ማለት ይቻላል።

በ1879 የመመረቂያ ፈተናው ሲደርስ ዲዝል በታይፎይድ ታመመ። እስከ ሚቀጥለው የፈተና ጊዜ ድረስም በስዊዘርላንድ፣ ቪንተርቱር በሚገኘው የዙልሰር ወንድማማቾች የማሽን ፋብሪካ የተግባር ልምድ ቀሰመ። በጥር 1880 በከፍተኛ ማዕርግ ተመርቆ ወደ ትውልድ ከተማው ወደ ፓሪስ ተመለሰና በሊንደ ድርጅት የበረዶ ፋብሪካ ተቀጠረ። ከአንድ ዓመት በኋላ የፋብሪካው ኃላፊ ሆነ። በ1883 ማርታ ፍላሸን አገባ፤ ሦስት ልጆችም ወለዱ።

ከማቀዝቀዣ ወደ ሙቀት ሞተር

ዲዝል በሊንደ ድርጅት በሠራባቸው ዓመታት በእንፋሎት ፈንታ በአሞንያ ተን የሚሠራ ሞተር ለመሥራት ደክሟል። ሙከራው ፍሬ አላፈራም፤ ሆኖም ከፍተኛ ግፊትንና ከፍተኛ ሙቀትን በአንድ ዕቃ ውስጥ መቆጣጠር ምን ማለት እንደ ሆነ አስተማረው። በ1890 ወደ በርሊን ተዛውሮ በሊንደ ድርጅት ውስጥ ሌላ ኃላፊነት ያዘ። ለድርጅቱ ሲሠራ ያገኛቸውን የማቀዝቀዣ ፈጠራዎች ለግል ጥቅም ማዋል ስላልተፈቀደለት ከማቀዝቀዣ ውጭ የሆነ የራሱ መስክ መፈለግ ነበረበት።

በበርሊን ሐሳቡ ቅርጽ ያዘ። አየር ብቻውን በሲሊንደር ውስጥ በኃይል ቢጨመቅ ሙቀቱ ከነዳጁ የመቀጣጠያ ሙቀት በላይ ይወጣል፤ ነዳጁ በመጨረሻው ቅጽበት ሲረጭ ያለ ክብሪትና ያለ ሻማ በራሱ ይቀጣጠላል። በ1892 የፈጠራ መብት ጥያቄ አቀረበ፤ በ1893 መጀመሪያም ቁጥር 67207 የሆነው የጀርመን የፈጠራ መብት ተሰጠው። በዚያው ዓመት የእንፋሎት ሞተርን የሚተካ ምክንያታዊ የሙቀት ሞተር እንዴት እንደሚታነጽ የሚያስረዳ መጽሐፍ አሳተመ።

በመጽሐፉ የቀረበው ንድፈ ሐሳብ ግን ከባድ ጉድለት ነበረበት። ዲዝል ቃጠሎው የሙቀት መጠኑ ሳይጨምር እንዲካሄድ አስቦ ነበር። ለዚህ የሚያስፈልገው የአየር ግፊት በዘመኑ ብረት ሊቻል የማይችል ከመሆኑም በላይ፣ የሚገኘው ሥራ የሞተሩን የራሱን ሰበቃ እንኳ ለማሸነፍ የሚበቃ አልነበረም። ይህን በስሌቱ ሲደርስበት ሐሳቡን ለውጦ ነዳጁ ግፊቱ ሳይለወጥ እንዲቃጠል የሚያደርግ ዑደት መረጠ፤ ለዚህም በ1893 ማብቂያ ሁለተኛ የፈጠራ መብት ጠየቀ። በሁለቱ ሰነዶች መካከል ያለው ልዩነት ኋላ ተቀናቃኞቹ በክርክር ያነሡበት ነጥብ ሆነ።

አራቱ የአውግስቡርግ ዓመታት

የአውግስቡርግ ማሽን ፋብሪካ ኃላፊ ሃይንሪክ ፎን ቡትስ መጀመሪያ ቢጠራጠርም፣ በ1893 የክሩፕ ድርጅት ወጪውን ሊጋራ ስለ ተስማማ ለሙከራው ቦታና ባለሙያ ሰጠ። ነሐሴ 10 ቀን 1893 በተደረገው የመጀመሪያ ሙከራ ነዳጁ ተቀጣጠለ፤ ግፊቱ ግን የመለኪያ መሣሪያውን ፈንቅሎ በታትኖ ዲዝልንና ረዳቶቹን ለጥቂት ሳታቸው። ሞተሩ በራሱ ኃይል አልዞረም። ነዳጅ በተጨመቀ አየር በራሱ እንደሚቀጣጠል ግን ያ ዕለት አረጋግጧል።

የካቲት 17 ቀን 1894 የተሻሻለው ሞተር ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ውጭ እርዳታ ለአንድ ደቂቃ ያህል 88 ጊዜ ዞረ። ከዚያ በኋላ ያሉት ሦስት ዓመታት በአብዛኛው የነዳጅ ዓመታት ነበሩ። ዲዝል ቤንዚንን፣ ላምባን፣ ድፍድፍ ዘይትንና የመብራት ጋዝን እያፈራረቀ ሞከረ። ዋናው ችግር ነዳጁን በትክክለኛው ቅጽበት በደቃቁ ማስገባትና ከአየሩ ጋር ማዋሐድ ነበር። መፍትሔ ሆኖ የተገኘው ነዳጁን በሲሊንደሩ ውስጥ ካለው ግፊት በላይ በታመቀ አየር እየገፉ መርጨት ነው። ለዚህ ከሞተሩ ጋር የተያያዘ ከባድ የአየር መጭመቂያ አስፈለገ። መሣሪያው ክብደትና ወጪ ቢጨምርም ወፍራምና ጎምዛዛ ነዳጅን ሳይቀር አድቅቆ የመርጨት ኃይል ነበረው። ይህ ነጥብ ከዚህ በታች ለምንመለስበት ጉዳይ ቁልፍ ነው።

የካቲት 17 ቀን 1897 የሙኒኩ ፕሮፌሰር ሞሪትስ ሽሮተር ሞተሩን በይፋ መዘነው። የሲሊንደሩ ስፋት 250 ሚሊሜትር፣ የፒስተኑ ጉዞ 400 ሚሊሜትር ሲሆን፣ ሞተሩ በደቂቃ 154 ጊዜ እየዞረ 13 ኪሎዋት ገደማ ሰጠ። የሙቀት ብቃቱ 26.2 በመቶ ሆኖ ተመዘገበ። ይህ ውጤት በካርኖ ንድፈ ሐሳብ ከታለመው ያነሰ ቢሆንም ከዘመኑ የእንፋሎት ሞተር ከእጥፍ በላይ ነበር። ልብ ሊባል የሚገባው ልኬቱን የወሰደው ፈጣሪው ራሱ አለመሆኑ ነው፤ ነዳጁን መዝኖ፣ ኃይሉን ለክቶ፣ የባከነውንም ሙቀት ቆጥሮ ውጤቱን ለሙያ ማኅበረሰቡ ያቀረበው በሞተሩ ሽያጭ ያልተመሠረተ የውጭ ምሁር ነው።

የነዳጁ ምንጭና የኦቾሎኒው ታሪክ

ከ1897 በኋላ የመሥሪያ ፈቃዱ በአገር በአገሩ ተሸጠ። በአሜሪካ አዶልፈስ ቡሽ የተባለው የቢራ ባለጸጋ ገዛው፤ በሩሲያ ደግሞ በ1898 አማኑኤል ኖቤል ገዛ። ኖቤል የባኩ ዘይት ባለቤት ስለ ነበረ በቅዱስ ጴጥሮስ ከተማ ያሉት መሐንዲሶቹ ሞተሩን ላልተጣራ ዘይት እንዲስማማ አድርገው አሻሻሉት። ሞተሩ ከመነሻው እንደ አገሩ ሀብት መሻሻል የሚጠይቅ መሆኑ በዚህ ታየ።

ኦቾሎኒ የሚነሣው በ1900 የፓሪስ ዓለም አቀፍ ትርኢት ላይ ነው። በትርኢቱ ከቀረቡት የዲዝል ሞተሮች መካከል የፈረንሳይ ኦቶ ኩባንያ ያመጣው አንድ ትንሽ ሞተር በኦቾሎኒ ዘይት ይሠራ ነበር። ዲዝል ራሱ በ1912 እንዳስረዳው ሐሳቡ የመጣው ከፈረንሳይ መንግሥት ነው። መንግሥቱ ኦቾሎኒ በብዛት በሚበቅልባቸው የአፍሪካ ቅኝ ግዛቶቹ ከውጭ ከሰልና ዘይት ሳይመጣ ኃይል ማግኘት ይቻል እንደ ሆነ ለማወቅ ፈልጎ ነበር። ሞተሩ የተሠራው ለማዕድን ዘይት ሲሆን በኦቾሎኒው ዘይት ያለ ምንም ለውጥ በሰላም ሠራ። ዲዝል ከዚያ በኋላ የአትክልት ዘይትን በራሱ ሞክሮ የወደፊት ተስፋ ሰጠው። ሞተሩን ለኦቾሎኒ ዘይት ብሎ ፈለሰፈው የሚለው ትረካ ግን ቅደም ተከተሉን ይገለብጣል።

ከኦቾሎኒው ይልቅ ለዛሬው ጉዳያችን የሚቀርበው ብዙም የማይነገርለት የከሰል ሬንጅ ታሪክ ነው። ጀርመን ከሰል እንጂ በቂ የማዕድን ዘይት አልነበራትም፤ ከውጭ በሚገባው ዘይት ላይም ቀረጥ ነበር። በሌላ በኩል የከተማ ጋዝና ኮክ የሚያመርቱ ፋብሪካዎች ከሰልን አየር በሌለበት ሲያሞቁ ሬንጅ በተረፈ ምርትነት ይተርፋቸው ነበር። ከዚህ ሬንጅ የሚጣራው ዘይት ርካሽ ሆኖ ሳለ በዲዝል ሞተር ውስጥ አስቸጋሪ ሆነ። ምክንያቱ ኬሚካዊ ነው። የሬንጅ ዘይት በአብዛኛው ቀለበት ሠሪ በሆኑ አሮማቲክ ውሁዶች የተሞላና ሃይድሮጂን ያነሰው ስለ ሆነ በጭመቃ ሙቀት ብቻ ቶሎ አይቀጣጠልም። መሐንዲሶቹ ያገኙት መላ በእያንዳንዱ ዑደት ከሬንጁ ዘይት ቀድሞ ጥቂት በቀላሉ የሚቀጣጠል ዘይት ማስገባት ነበር፤ ያ ጥቂቱ ነድዶ ዋናውን ያቀጣጥለዋል። ዲዝል በ1912 በለንደን ለሜካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር ባቀረበው ንግግር በሬንጅ ዘይት የሚሠሩ ሞተሮችን እንደ ተጨባጭ ስኬት አቅርቧል።

ሁሉም ሙከራ እንዲህ አልተሳካም። የመጀመሪያው የፈጠራ መብት የከሰል ዱቄትንም እንደ ነዳጅ ይጠቅሳል። ዲዝል ሞክሮት ተወው። የቀድሞ ባልደረባው ሩዶልፍ ፓቭሊኮቭስኪ በጎርሊትስ ከተማ ለረጅም ዓመታት ቢገፋበትም የከሰሉ አመድ ሲሊንደርንና ፒስተንን እየሞረደ በላ። ነዳጁ ይነድዳል፤ ሞተሩ ግን አይበረክትም። ሁለቱ ነገሮች የተለያዩ ጥያቄዎች መሆናቸውን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

ዝና፣ ዕዳና የመጨረሻው ጉዞ

በ1898 የዲዝል መብቶች ለአንድ አዲስ ኩባንያ በ3.5 ሚሊዮን ማርክ ተላለፉ። በወረቀት ላይ ሚሊየነር ሆነ። በዚያው ዓመት ግን በሥራ ብዛትና በክስ ውጥረት ጤናው ታውኮ ሕክምና ተቋም ገባ። ኤሚል ካፒቴን የተባለ መሐንዲስ የፈጠራውን ቅድሚያ ይከራከር ነበር። ለገበያ የወጡት የመጀመሪያዎቹ ሞተሮችም ደንበኛ ፋብሪካ ውስጥ ሲገቡ እየተበላሹ ስሙን አጎደፉ። ዲዝል በሙኒክ ታላቅ መኖሪያ ቤት አሠራ፤ ገንዘቡንም በመሬትና በዘይት ጉድጓድ ንግድ ላይ አዋለ። አብዛኛው ከሰረ።

ሞተሩ በበኩሉ ዓለምን እየለወጠ ነበር። በ1903 በፈረንሳይ የቦይ ጀልባና በቮልጋ ወንዝ ላይ በምትጓዘው ቫንዳል በተባለች የዘይት መርከብ ላይ ተገጠመ። በ1912 ሴላንዲያ የተባለችው የዴንማርክ መርከብ በዲዝል ሞተር ከኮፐንሃገን ወደ ባንኮክ ተጓዘች። ዲዝል ግን በወጣትነቱ ያለመው ሌላ ነበር። ትንሹ የእጅ ባለሙያ የራሱ ርካሽ የኃይል ምንጭ ኖሮት ከትላልቅ ፋብሪካዎች ጋር እንዲወዳደር ይመኝ ነበር። በ1903 ስለ ሠራተኞች የጋራ ባለቤትነት ያሳተመው መጽሐፍ ግን አንባቢ አላገኘም። ሞተሩም በትናንሽ አውደ ጥናቶች ፈንታ በትላልቅ የኃይል ጣቢያዎች፣ በመርከቦችና በባሕር ሰርጓጅ የጦር መርከቦች ውስጥ ገባ።

መስከረም 29 ቀን 1913 ዲዝል በአንትወርፕ ወደብ ድሬዝደን በተባለች መርከብ ተሳፈረ። በእንግሊዝ ስሙን የያዘ ኩባንያ አዲስ ፋብሪካ ሊመሠርት ስለ ነበረ ወደዚያ ይጓዝ ነበር። ከባልደረቦቹ ጋር እራት በልቶ ከምሽቱ አራት ሰዓት ገደማ ወደ ክፍሉ ገባ፤ በማግስቱም ማለዳ እንዲቀሰቅሱት አስታውቆ ነበር። ሲነጋ ክፍሉ ባዶ ሆነ፤ አልጋው አልተተኛበትም። ባርኔጣውና ካፖርቱ በመርከቡ በስተኋላ ባለው አጥር ሥር ታጥፈው ተገኙ። ከአሥር ቀናት ገደማ በኋላ አንድ የሆላንድ ጀልባ በባሕር ላይ አስከሬን አገኘ። መርከበኞቹ ኪሱ ውስጥ የነበሩትን ዕቃዎች ወስደው አስከሬኑን ለባሕሩ መለሱ፤ ልጁ ኦይገን ዕቃዎቹ የአባቱ መሆናቸውን ጥቅምት 13 ቀን አረጋገጠ። ዲዝል 55 ዓመቱ ነበር። በማስታወሻ ደብተሩ በዚያ ዕለት ላይ መስቀል ምልክት ተደርጎ ነበር፤ የባንክ ሒሳቡም ባዶ እንደ ነበር ታወቀ። ስለ አሟሟቱ ብዙ መላ ምት ቢነገርም አብዛኞቹ የታሪኩ ጸሐፊዎች በዕዳ ተጨንቆ ራሱን እንዳጠፋ ያምናሉ።

ከዲዝል በኋላ ሞተሩ እንዴት ተለወጠ?

ከዲዝል ሞት በኋላ የነዳጅ አረጫጨቱ ተለወጠ። በታመቀ አየር ፈንታ ነዳጁን ብቻውን በፓምፕ ግፊት መርጨት እየተስፋፋ ሄደ። በ1927 የሮበርት ቦሽ ድርጅት የመርጫ ፓምፕን በብዛት ማምረት ሲጀምር ሞተሩ ቀልሎ ለጭነት መኪና በቃ። በ1936 ለቤት መኪናም ደረሰ። ለዚህ ግስጋሴ የተከፈለው ዋጋ ሞተሩ ነዳጅ መራጭ መሆኑ ነው። በአየር የሚረጨው ሞተር በሬንጅ ዘይት ይሠራ ነበር፤ እስከ 2,000 ባርና ከዚያም በላይ በሚደርስ ግፊት፣ ከፀጉር ብዙም በማይሰፉ ቀዳዳዎች የሚረጨው የዛሬው ሞተር ግን ደቃቅ ቅንጣትንም ሆነ ሙጫነት ያለው ዝቃጭን አይታገሥም።

ሁለተኛው ለውጥ ፍጥነት ነው። የ1897ቱ ሞተር በደቂቃ 154 ጊዜ ሲዞር ለአንድ ዙር 0.39 ሴኮንድ ያህል ያገኝ ነበር። በደቂቃ 2,400 ጊዜ የሚዞር የጭነት መኪና ሞተር ያለው ጊዜ 0.025 ሴኮንድ ነው፤ ይህም አሥራ ስድስት ጊዜ ያህል ያንሳል። ለመቀጣጠል የሚዘገይ ነዳጅ በቀድሞው ሞተር ውስጥ ጊዜ ነበረው፤ በዛሬው ውስጥ የለውም። የሴቴን ቁጥር የሚባለው መለኪያ የወጣውም ይህን የመቀጣጠል ፍጥነት በቁጥር ለመግለጽ ነው። የአውሮፓ መስፈርት ቢያንስ 51፣ የአሜሪካ መስፈርት ደግሞ ቢያንስ 40 ይጠይቃል።

የአሮጌ ጎማ ዘይት በዲዝል ታሪክ ዓይን

ጎማ ኦክስጅን በሌለበት ዕቃ ውስጥ ከ400 እስከ 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲሞቅ ፓይሮሊሲስ በተባለው ሂደት ይበተናል። ከክብደቱ ከሲሶ እስከ ግማሽ የሚሆነው ዘይት ይሆናል፤ ቀሪው ጥቁር የካርቦን ዱቄት፣ ተቀጣጣይ ጋዝና የጎማው ሽቦ ነው። የአሠራሩ መርሕ ከሰልን አየር በሌለበት አሙቆ ሬንጅ ከማውጣት ጋር አንድ ነው። ስለዚህ የሚገኘው ዘይት ከኦቾሎኒ ዘይት ይልቅ የዲዝልን ዘመን የሬንጅ ዘይት ቢመስል አያስደንቅም። የሙቀት ይዘቱ በኪሎግራም ከ40 እስከ 43 ሜጋጁል ገደማ ስለ ሆነ ወደ 45 ሜጋጁል ከሚጠጋው ናፍጣ ብዙ አይርቅም። ነገር ግን በአሮማቲክ ውሁዶች የበለጸገ ነው፤ የሴቴን ቁጥሩም ከናፍጣ ያነሰ ነው። በዚህ ምክንያት ነዳጁ ተረጭቶ እስኪቀጣጠል ድረስ ይከማቻል፤ በመጨረሻም በአንድ ጊዜ ሲነድድ ግፊቱ በድንገት ይወጣል፤ ሞተሩም ይንኳኳል፣ ጥላሸትና የናይትሮጅን ኦክሳይድ ልቀትም ሊጨምር ይችላል።

በዚህ ረገድ የጎማ ዘይትን ከናፍጣ ጋር ቀላቅሎ መጠቀም ከመቶ ዓመት በፊት ከተገኘው መላ ጋር ይዛመዳል። በቅልቅሉ ውስጥ ያለው ናፍጣ ቀድሞ የሚነድደውን ዘይት ሚና ይጫወታል። በዝቅተኛ መጠን የተቀላቀለ ዘይት በቤተ ሙከራ ሞተሮች ውስጥ በጥሩ ሁኔታ ሲሠራ መታየቱ፣ ድርሻው ከፍ ሲል ደግሞ ችግሩ መባባሱ የሚጠበቅ ነው። ቀድሞ የሚነድደውን ነዳጅ ለይቶ በሌላ መርጫ ማስገባትም ለዝግተኛ ቋሚ ሞተሮች ክፍት የሆነ የምርምር መንገድ ነው።

የከሰል ዱቄቱም ታሪክ አቻ አለው። ጥሬው የጎማ ዘይት ደቃቅ የካርቦን ቅንጣቶችን ይዞ ሊወጣ ይችላል። ሳይጣራና ሳይነጠር ወደ ታንከር ከገባ መርጫውን ይደፍናል፤ ፓምፑን ይሞርዳል። ለጥቂት ሰዓታት በተደረገ ሙከራ ይህ ጉዳት አይታይም። የፓቭሊኮቭስኪ ሞተርም የሚነድድ ነዳጅ አልቸገረውም፤ የቸገረው ዕድሜ ነው።

የጎማ ዘይት የራሱ ብቻ የሆነ ችግር ድኝ ነው። ቻርልስ ጉድይር በ1839 ጎማ ከድኝ ጋር ሲሞቅ እንደሚጠነክር ካገኘ ጀምሮ ድኝ በጎማ አሠራር ውስጥ የግድ የሚገባ ንጥረ ነገር ሆኗል። ጎማው ሲበተን ከዚህ ድኝ ከፊሉ ወደ ዘይቱ ይሻገራል፤ በጥሬው ዘይት ውስጥ 1 በመቶ አካባቢ መገኘቱም የተለመደ ነው። አንድ በመቶ ማለት በኪሎግራም 10,000 ሚሊግራም ነው። የአውሮፓ የናፍጣ መስፈርት ከ2009 ጀምሮ የሚፈቅደው 10 ሚሊግራም ብቻ ነው፤ ልዩነቱ አንድ ሺህ እጥፍ ነው። አሥር በመቶ የጎማ ዘይትና ዘጠና በመቶ ድኝ አልባ ናፍጣ ያለበት ቅልቅል እንኳ ከመስፈርቱ መቶ እጥፍ ይበልጣል። ድኙ ሲቃጠል የሚፈጠረው ጋዝ የሳንባ ጠር ከመሆኑም በላይ ከእርጥበት ጋር ተዋሕዶ አሲድ ይሆናል፤ የጭስ ማጣሪያ መሣሪያዎችንም ያበላሻል። ስለዚህ ዘይቱን ማንጠርና ድኙን መቀነስ የሂደቱ ዋና ክፍል ነው፤ የዚህ ሥራ ወጪም ከመጀመሪያው ሊታሰብ ይገባዋል።

ጉዳዩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። ኢትዮጵያ የተጣራ ነዳጇን በሙሉ ከውጭ ታስገባለች፤ አሮጌ ጎማም በየከተማው ይከማቻል። በእርግጥ ጎማ በእኛ አገር ሁልጊዜ ቆሻሻ አልነበረም፤ በበረባሶ ሠሪዎች እጅ ጫማ ሆኖ ብዙ እግር አሳርፏል። ይሁን እንጂ የሽቦ ጎማ እየበዛ ሲሄድ በእጅ ሥራ የሚያልቀው ከሚጣለው ጋር የሚመጣጠን አይሆንም። ጎማን በሜዳ ላይ ማቃጠል ከሁሉ የከፋው አማራጭ ነው። በዚህ ሁኔታ የጎማ ዘይት ሊጠና የሚገባው መሆኑ አያጠያይቅም፤ ጥያቄው ጥናቱ ምን ምን ይለካ የሚለው ነው።

ማጠቃለያ

ከዲዝል ሕይወት ለዚህ ጥናት ሦስት ነገሮች ይገኛሉ። አንደኛ፣ ሞተሩ ማናቸውንም ነዳጅ ይቀበላል የሚለው አባባል በታሪክ የሚደገፈው ሞተሩ በዝግታ ሲዞር፣ አረጫጨቱ ለነዳጁ ሲስማማና መቀጣጠያ ሲታገዝ ብቻ ነው። ስለሆነም የጎማ ዘይትን ቀድሞ ሊሞክሩት የሚገባቸው ቋሚና ዝግተኛ ሞተሮች፣ ለምሳሌ የውኃ ፓምፕና የወፍጮ ሞተሮች እንጂ ከፍተኛ ግፊት ያላቸው ዘመናዊ የመኪና ሞተሮች አይደሉም። ሁለተኛ፣ መንደድና መበርከት ለየብቻ መለካት አለባቸው። በብዙ የማስተርስ ጥናቶች እንደሚደረገው የብሬክ ኃይልንና የጭስ ልቀትን በጥቂት ሰዓታት ለክቶ ማቆም የጥያቄውን ግማሽ ሳይመልሱ መተው ነው፤ መርጫው፣ ፓምፑና የሲሊንደሩ ግድግዳ ከመቶዎች ሰዓታት ሥራ በኋላ ተፈትተው መታየት ይኖርባቸዋል።

ሦስተኛው የ1897ቱ ልኬት ነው። ዲዝል ከራሱ ንድፈ ሐሳብ ጋር ሲነጻጸር ዝቅ ያለውን 26.2 በመቶ በገለልተኛ ምሁር እጅ አስመዝኖ ለሁሉ አሳወቀ። የመጀመሪያው መጽሐፉ የሰጠው ተስፋ ከዚህ እጅግ የበለጠ ስለ ነበረ ተቀናቃኞቹ ክፍተቱን ለማጥቃት ተጠቀሙበት፤ ሞተሩ ግን በተስፋው ሳይሆን በተመዘነው ቁጥር ቆመ። ስለ ጎማ ዘይት የሚወጡ ሪፖርቶችም የዘይቱን ድኝ፣ ለማንጠርና ለማሞቅ የጠፋውን ኃይል፣ የሚቀረውን ዱቄት አወጋገድና የሠራተኞቹን ደኅንነት በአንድ ሰንጠረዥ ላይ አስፍረው ዘይቱን ላልሸጠና ሞተሩን ላላቀረበ ሦስተኛ ወገን ቢያስመዝኑ፣ ከዚያ በኋላ የሚሰጠው ፍርድ የሚታመን ይሆናል።